ገበና የማይሸፍን ላስቲክ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው እናትየዋ ራሷ ፈሪ ብትሆን ልጁ የት እንደሚገባ አላሰበበትም። እኔ እንደዚያ ያለችዋ እናት ነኝ። ባጃጅ እፈራለሁ። ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ስልክ ካልጠራ እፈራለሁ፤ ሲጠራ ደግሞ ይብስብኛል። ላስቲክ ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። በዚህ ዕድሜ አዲስ ፍርሃት እማራለሁ ብዬም አልጠረጠርኩም፤ ለካ ከሦስተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠ ሰውም የሚማረው ነገር አያጣም።

የምኖረው ጭሮ ነው። ትልልቅ ሰዎች አሁንም አሰበ ተፈሪ ሲሉት ትሰማላችሁ። ከተማው ሁለት ስም አለው፤ እኔ አንድም የለኝም። እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ የእሷ ስም ከቤት ይወጣና የልጇ ስም ይገባል። ኦሮምኛ የሚቀናው «ሀደ ሂንድያ» ይለኛል፤ አማርኛ የሚቀናው «የሂንድያ እናት» ይለኛል፤ ሁለቱን የሚቀላቅለው ደግሞ፣ የሚበዛውም እሱ ነው፣ አፉ ላይ እንዳመጣለት ይጠራኛል። ታዲያ ሂንድያ ብትሄድ እኔ የማን እናት ልባል ነው? ይህን ጥያቄ ቤቴ ያመጣችው ራሷ ሂንድያ ናት። ያመጣችውም በሻንጣ ነው።

ሂንድያ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ጓደኞቿ አንድ በአንድ አረብ አገር ገቡ። አንዷ ማቀዝቀዣ ተደግፋ የተነሳችውን ፎቶ ላከችላት። ማቀዝቀዣው ከእኛ ጓዳ ይሰፋል። ልጅቷ ከስታ ይሁን ወፍራ አሁን ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያየሁት ማቀዝቀዣውን ነው። ሂንድያም ያየችው እሱን ይመስለኛል፤ ብዙ ሳይቆይ ጎማ ያለው ሰማያዊ ሻንጣ እየጎተተች ገባች።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለዕቃ ነዋ፣ እማ።»

«የምን ዕቃ?»

«ዕቃ ነዋ!»

ሻንጣው ከአልጋ ሥር ገባ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቤት በጠረግሁ ቁጥር መጥረጊያውን ከአልጋው ሥር አስገብቼ ጠጋ አደርገዋለሁ። ባዶ ሻንጣ ሲነኩት እንደ ከበሮ ነው። ዱም ሲልልኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ መጥረጌን እቀጥላለሁ። ቤቴ እንደዚያ ሰሞን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሂንድያ «እማ፣ ዳቦ ቆሎ ሥሪልኝ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ዳቦ ቆሎ ምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል። ስንቅ ነው። ሊጡ ተጠቅልሎ፣ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ ደርቆ፣ ከሚሄድ ሰው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው ማን ዳቦ ቆሎ ይሠራል?

«መቼ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«መንገዱ።»

«የምን መንገድ ነው? ለሽያጭ ነው እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባና የሐረር አውቶቡሶች ቆም የሚሉበት ላይ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ባለሱቅ አሉ። አገራቸው ስልጤ ነው፤ ጭሮ ከመጡ ግን ቆይተዋል፤ ጢማቸው እዚህ ነው የሸበተው። ሂንድያን «የእናትሽን ዳቦ ቆሎ በደንብ አሽገሽ አምጪ። ተሳፋሪው ከመስኮት ሆኖ ውስጡን ይየው። ካማረ ከፊት መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጥልሽ» ብለዋታል። የጋሽ ሸምሱ የፊት መደርደሪያ ቀልድ አይደለም፤ እዚያ የተቀመጠ ነገር ሐረር ድረስ ይበላል።

ሂንድያ ይህን ነግራኝ ስታበቃ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል እንዲህ አለች፦ «እማ፣ ይሄ ከያዘልኝ እቀመጣለሁ። ካልያዘ ግን ሊሄዱ ከተነሱት ጓደኞቼ፣ ከነሰሚራ ጋር እሄዳለሁ። ያኔ እንዳታለቅሺብኝ።»

እንግዲህ የሰው ልጅ በእጅም በእግርም ይያዛል፤ የእኔ ልጅ የምትያዘው በላስቲክ ሆነ።

ላስቲክ መምረጥ ቀላል ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ላስቲክ ማለት ለእኔ ፌስታል ነው፤ ጥቁር ወይ ቢጫ፣ ከገበያ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ለካ ላስቲክም እንደ ሰው ዘር አለው፤ ስሱ፣ ወፍራሙ፣ የሚለጠጠው፣ የሚንኮሻኮሸው፣ የሚያሳየው፣ አያሳይ አይሸፍን መሀል ሰፋሪው። ማን ይምረጥልኝ? በጭሮ ስለ ላስቲክ የሚያውቅ ሰው ማነው ብትሉ ማንም ሰው «ጫት ነጋዴ» ይላችኋል። ጫት ነጋዴ ደግሞ አጥር ተጋርተን የምንኖር ዘሃራ አለችልኝ።

ዘሃራ ስትናገር ለሚሰማት ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ ለመንገዱ ሁሉ ነው። ጫት ስትጠቀልል ያየ ሰው ሕፃን ስታስተኛ ያየ ይመስለዋል። ውኃ ትረጫለች፣ ትደባብሳለች፣ ላስቲክ ታለብሳለች፣ አንገቱን ታስራለች። ነገሩን ስነግራት ወገቧን ይዛ ሳቀችብኝ።

«አቦ ሀደ ሂንድያ! ለዚህ ነው ፊትሽ የከሰለው? ላስቲክ ማለት እኮ የሚያላብ ነው! ያላላበ ላስቲክ ወረቀት በይው!»

«ማላቡ ለምን ይጠቅማል?»

«ትኩስ መሆኑ በምን ይታወቅ ታዲያ? ደንበኛ ላቡን ሲያይ ነው እጁ የሚሄደው! ወላሂ፣ እኔን ስሚኝ። ሞቅ እንዳለ ክተቺው፣ አንገቱን ጥብቅ አድርጊው፣ በቃ!»

እኔም ሰማኋት። የምትፈሩ ሰዎች ትረዱኛላችሁ፤ ፈሪ ሰው ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሲያገኝ ያርፋል። ደግሞስ እኛ አገር የማንኛውም ነገር መለኪያ ጫት አይደለም ወይ? ልጅ ሲያምር «እንደ ቀንበጥ» እንላለን፤ ሰው ሲያረጅ እንደ ተቃመ ጫት ትራፊ «ገረባ ሆነ» እንላለን። ዳቦ ቆሎ በጫት ሕግ አይተዳደርም የሚል ሐሳብ ከየት ይምጣልኝ? ከምጣድ እንደወረደ፣ ጣት እያቃጠለኝ፣ በዘሃራ ላስቲክ ከተትኩት። ሂንድያ «እማ፣ ይቀዝቅዝ እንጂ» ስትለኝ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ትኩስነቱ ነው የሚፈለገው» አልኳት።

ጠዋት ስንነሳ ዳቦ ቆሎው አልቅሶ አድሯል። ላስቲኩ በውስጥ በኩል በጠብታ ተሞልቶ፣ ተሳፋሪ በመስኮት አይደለም፣ ቡዳም ቢሆን ውስጡን ሊያይ አይችልም። ፈትተን ስንቀምሰው ወደ ሊጥነቱ ተመልሷል። የተጠበሰ ነገር ሐሳቡን ሲቀይር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ዘሃራ በአጥር ላይ ተንጠራርታ አንድ ፍሬ ወሰደች፤ አላመጠች፤ ዓይኗ በራ።

«እርጥብ ነው!» አለች። «ማሻ አላህ! ጫት ቢሆን ኖሮ አንደኛ ነበር!»

ሂንድያ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ደግሞ መጥረጊያ አነሳሁ።

ቀጥሎ በደሳ ከተማ ያለችው እህቴ ሰማች። እህቴ የሠርግ ስጦታ የምታሽግበት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ስለዚህ ከዘሃራ ቀጥላ ሁለተኛዋ የላስቲክ ሊቅ እሷ ናት። «እኔ እያለሁልሽ ከጫት ነጋዴ ትጠይቂያለሽ? ክብር የለሽም?» ብላ ቱግ አለች። ከበደሳ በሚመጣ ሚኒባስ አንድ ጥቅል ላከችልኝ። ስፈታው ዓይኔ ተጭበረበረ። ያብረቀርቃል፤ ውኃ ይመስላል፤ ደረቅ ነው። ብቻ ይጮኻል። ትነኩታላችሁ፣ ይጮኻል። ታስቀምጡታላችሁ፣ ከተቀመጠ በኋላም ለራሱ ትንሽ ያወራል።

እኛ ዘንድ ላስቲክ የሚታሸገው በሻማና በመጋዝ ምላጭ ነው፤ አፉን በምላጩ ላይ አጠፍ አድርጎ በእሳቱ ጫፍ እልፍ ማድረግ ነው። ደህናው ላስቲክ ቀለጥ ብሎ ይጣበቃል። የእህቴ ላስቲክ ግን እሳት ሲሸተው እንደተሰደበች አማት ተኮማተረ። በዚያ በኩል ሲጣበቅ በዚህ በኩል ይሸሻል። በመጨረሻ አፉን በክር አሰርነው፤ አምሮ የሙሽራ ከረሜላ መሰለ። እኔ ወደድኩት። ሂንድያም ዝም አለች፤ የሂንድያ ዝምታ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከመውደድ ይቆጠር ነበር።

ባይሆንልኝ በዚያው ቀን ለቅሶ ነበረ። ሠፈር ሰው ሞቶ ነው፤ አልቀርም። ቁርስ አልበላሁም፤ ቢርበኝ ብዬ ከዚያ ከታሰረው አንዱን በቦርሳዬ ከትቼ ሄድኩ። ሼሁ ዱዓ እያደረጉ ነው። ቤቱ ሰጥ ብሏል። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተዋል። እኔ አንድ ፍሬ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ፣ ብዬ እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩ።

ክርርርሽ!

ሼሁ አቆሙ። እኔም አቆምኩ። እጄ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እሳቸው ቀጠሉ። እኔ እጄን ቀስ ብዬ ላውጣ ስል እንደገና ክርሽ አለ፤ ላስቲክ ቀስ ሲባል ይብሳል። አንዲት አሮጊት «ኩን ማሊ?» አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ሴቱ ሁሉ ቦርሳዬን ያያል። እጄን እዚያው ትቼ፣ ዱዓው እስኪያልቅ በአንድ እጄ አሚን ስል ቆየሁ። የሟች ባለቤት ስንወጣ እጄን ይዛ «በጣም አዝነሻል፣ ሲያንቀጠቅጥሽ አየሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? «አላህ ያጽናሽ» ብያት ወጣሁ።

ቤት ስመለስ ለሂንድያ ነገርኳት። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ላስቲኩ ሥራውን የሠራ መሰለኝ። እሷ ግን ሳቋን ስትጨርስ «በአውቶቡስ ውስጥ ሰው ተኝቶ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳበችው።

«ድሬ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ነገ እዚያ ያለችው አክስቴ ቤት አድሬ በማግስቱ እመለሳለሁ። ደህና ጥቅል ላስቲክ ያለው እዚያ ነው።»

«ሻንጣው ምን ያደርጋል?»

«ጥቅሉ አቧራና ውኃ እንዳይነካው ነዋ! በምን ልያዘው?»

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ? ድሬዳዋ ላስቲክ ልትገዛ፣ ሻንጣ ይዛ። የድሬ ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ ከድሬ ወዲያ መንገዱ ይቀጥላል፣ መንገዱ ሲያልቅ ባሕር አለ ይላሉ። ባሕሩን አላየሁትም። ያላዩት ባሕር ደግሞ ወለል የለውም። አትሂጂ ብላት በዚያው ትሄዳለች፤ ሂጂ ብላት እኔ ነኝ የላክኋት። ስለዚህ ከሁለቱም መሀል ያለውን አልኳት፦ «ሹራብ ያዢ።»

ዳቦ ቆሎ አልቋጠርኩላትም። ለአንድ ቀን መንገድ ስንቅ አያስፈልግም። ብቋጥርላትስ? ስንቅ ያላት ሰው ሩቅ ትሄዳለች።

በሄደችበት ቀን ስልኳን ደወልኩ፤ ሴትዮዋ «የደወሉላቸው ደንበኛ» አለችኝ። የዚያችን ሴትዮ ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ከእሷ ጋር ያን ቀን ከልጄ ጋር በዓመት ከማወራው በላይ አወራሁ። ዘሃራ ልታጽናናኝ መጣች። «አይዞሽ» አለችኝ፣ «የእኔም የእህት ልጅ እንዲሁ ለጫማ ብላ ሄዳ ነው ጅዳ የገባችው፤ አሁን ደህና ናት።» ዘሃራ ሰው ስታጽናና ባትመጣ ይሻላል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የጎማ ድምፅ ሰማሁ። ሻንጣ ድንጋይ ላይ ሲጎተት ያለውን ድምፅ፣ ያን እጠላው የነበረውን። በሩ ላይ ሂንድያ ላቧን ትጠርጋለች። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ሻንጣውን ከፈተችው፤ መሀሉ ላይ እንደ ሕፃን የተኛ ጥቅል ላስቲክ። ልብስ የለም። ሹራቡ እንኳ ጥቅሉ እንዳይጫር በላዩ ተሸፍኖበታል። እኔ ጎንበስ ብዬ ላስቲኩን ሳምኩት። «እማ!» አለችኝ፤ «ምን ሆነሻል?» ጥራቱን ነው የማየው አልኳት።

ጥራቱስ ጥራት ነበር። አይጮኽ፣ አያልብ፣ አይኮማተር። ሂንድያ በርበሬ ከምታሽግ ጎረቤት የማሸጊያ ማሽን ተዋሰች፤ ኤሌክትሪክ ስለሆነ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቁርአን እቀራለሁ፣ እሷ እልፍ፣ ጭብጥ፣ ታሽጋለች። ዳቦ ቆሎው ቀዝቅዞ ገባ። መጀመሪያ የታሸገውን አንስቼ በብርሃን አየሁት።

ላስቲኩ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይታይም። ዳቦ ቆሎው አየር ላይ ራቁቱን የቆመ ይመስላል። ልክ እዚህ ላይ ነው ያ አዲሱ ፍርሃት የመጣብኝ።

እኛ ዘንድ ምግብ ይከደናል። ለጎረቤት አንድ ሳህን ሲላክ እንኳ በላዩ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፤ ዝንብ ፈርተን ብቻ አይደለም፣ ዓይን ፈርተን ነው። አሁን እኔ የሠራሁትን፣ ልጄን የሚያስቀምጠውን እንጀራ፣ በዚህ ራቁት ላስቲክ አድርጌ በትልቁ መንገድ ላይ ልሰቅለው ነው? አውቶቡሱ ይቆማል፤ ስልሳ ሰው በመስኮት ያያል፤ ርቦታል፤ ለመውረድ ሰንፏል፤ «ማሻ አላህ» እንኳ ሳይል ዓይኑን ወርውሮ ያልፋል። ከተራበ ተሳፋሪ ዓይን የባሰ ዓይን የት አለ? ለሂንድያ ብነግራት ትስቃለች። ካልሳቀችም ትቆጣለች።

ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ይባላል። ሂንድያ ማሽኑን እንደገና ልትሰካ ዞር ስትል፣ ገና ወዳልታሸገው እያንዳንዱ ከረጢት ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ጣል አደረግሁበት። ቢስሚላህ አልኩበት። አላየችኝም። ልቤ ተረጋጋ፤ በዚህ ነገር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ሆንኩ።

የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ስንደርስ እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉን። አንዱን አንስተው አገላበጡት። «ይሄ ነው እንጂ!» አሉ። «መስታወት ነው! አየሽ የሂንድያ እናት፣ ዕቃ እንዲህ ደረቱን ሲሰጥ ነው የሚሸጥ።» ከፊት ደረደሩት። የሂንድያ ፊት እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ እንኳ በልቤ ማሻ አላህ አልኩ፣ ዓይኔ እንዳይነካት።

የሐረሩ አውቶቡስ ቆመ። አንዲት ወፍራም ተሳፋሪ ወርዳ በቀጥታ ወደ እኛው መጣች። አነሳችው። ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ነቀነቀችው። እንደምታውቁት፣ ጥቁር አዝሙድ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲነቀነቅ በዳቦ ቆሎው መሀል እየሾለከ ከታች ይሰበሰባል። ላስቲኩ ደግሞ እንደነገርኳችሁ አንዳች ነገር አይደብቅም።

«ይሄ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለች።

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አወረዱ። ሌላ አነሱ። ሌላም አነሱ። ሁሉም ከታች ጥቁር ጥቁር አለበት።

«አይጥ ነው!» አለ ከኋላ የቆመ ሾፌር። «የአይጥ ነገር ነው ወላሂ!»

ሴትዮዋ ጥላው እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጋሽ ሸምሱ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «ልጄ፣ ይህን ሰብስቢና ሂጂ» አሉ። «ሱቄን ሰው ያየዋል።»

ተናገሪ ትሉኝ ይሆናል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለእኔ ነው፤ ፈርቼ ያደረግሁት ሲደርስብኝ፣ ምላሴም ከፍርሃቱ ጋር ተባብሮ ዝም አለ። ሂንድያ ሰበሰበች። ወደ ቤት ተመለስን። ስንገባ ሻንጣውን አወጣች፤ ጥቅሉን ከውስጡ አንስታ አልጋው ላይ አጋደመችው፤ ልብስ ታጣጥፍ ጀመር።

«ሂንድያ።»

«አይጥ የለንም እኮ» አለች ለራሷ። «ዱቄቱን እኔው ነኝ የነፋሁት። አይጥ የለንም።»

«አይጥ አይደለም። እኔ ነኝ።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«ጥቁር አዝሙድ ነው» አልኳት። «ዓይን እንዳይነካው ነው። ላስቲኩ በጣም ስላሳየ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«እማ፣ ይሄን ሁሉ ላስቲክ የፈለግነው ውስጡ እንዲታይ እኮ ነው።»

«ታየ እኮ» አልኩ።

ሸሚዙን ሻንጣው ውስጥ አስገባች። ሌላ አነሳች። እያንዳንዱ ልብስ ሲገባ ያ ከበሮ ድምፁን እያጣ ሲሄድ ይሰማኛል። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ሆነልኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። አንድ ትልቅ ፍርሃት ሲመጣ ትንንሾቹን ይበላቸዋል፤ ያ ነው የሆነው። ከረጢቶቹን በዘምቢል አድርጌ ወጣሁ፣ ባጃጅ ብቻዬን አስቆምኩ፣ «ጋሽ ሸምሱ ጋ፣ በፍጥነት» አልኩት። በፍጥነት የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

ሱቁ ደጃፍ ሰው ሞልቷል። ዘሃራም ጫቷን ልታስጭን መጥታ እዚያው ቆማለች። እኔ «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ አንዱን ከረጢት ቀደድኩ፤ ከታች የተሰበሰበውን ጥቁር በመዳፌ ላይ አራገፍኩ፤ ለሁሉም አሳየሁና አፌ ውስጥ ጨመርኩት።

ያሰብኩት «አሃ፣ ጥቁር አዝሙድ ነው ለካ» እንዲሉ ነበር። እነሱ ያዩት ግን የአይጥ ነገር የምትበላ ሴትዮ ነው።

«በላችው!» አለ አንዱ።

«ያ ረቢ! በላችው!»

ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ይገባቸዋል ብዬ ሁለተኛውን ቀድጄ ቃምኩት። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ይሄኔ ዘሃራ ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣች፤ መዳፌን ይዛ አሸተተች፤ አንድ ፍሬ በጥርሷ ሰበረች።

«አቦ ጥቁር አዝሙድ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ያን ቀን ከእኛ ራቅ ብላ ያለችው ቦርደዴ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ምን ያስጮኻችኋል፣ አዝሙድና አይጥ የማትለዩ! እናታችሁ ዳቦ ጋግራላችሁ አታውቅም?»

ጋሽ ሸምሱ ቀረብ ብለው እሳቸውም ቀመሱ። «ታዲያ የሂንድያ እናት፣ ጠዋት ምነው ዝም አልሽ? ደግሞስ ለምን በተንሽው?»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና» አልኩ፣ «ዓይን ፈርቼ ነው። መንገደኛ ሁሉ እያየው፣ ማሻ አላህ ሳይል እያለፈ… ይሄ ካልሆነላት ልጄ ልትሄድብኝ ነው። ልብሷን እያጠፈች ነው የመጣሁት።»

ይስቃሉ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ሸምሱ ግን ከራሳቸው በላይ ወዳለው ግድግዳ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። በትልቁ የተጻፈ «ማሻ አላህ» በመስታወት ተሰቅሏል።

«እሱን ለጌጥ የሰቀልኩት ይመስልሻል?» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ስሚ። አብረሽ አቡኪው። ዳቦ ውስጥ ያለ ጥቁር አዝሙድ ዳቦ ነው። ከዳቦ ውጭ ያለ ጥቁር አዝሙድ አይጥ ነው። በይ ሂጂ፣ ልጅቷ ሳትጨርስ ድረሽባት። መደርደሪያውን ባዶ አድርጌ እጠብቃችኋለሁ።»

ስመለስ ሻንጣው ግማሽ ደርሷል። እያለከለክሁ የተባልኩትን ነገርኳት። የቃምኩትንም ነገርኳት፤ ስለ ልጅቷ ለቅሶም ጭምር። ሂንድያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። «ሁለት ጊዜ ቃምሽው?» ትላለች፤ ትስቃለች። «አንዱ አይበቃም ነበር?»

በማግስቱ አብረን አቦካን። ጥቁር አዝሙዱ በሊጡ ውስጥ ተበትኖ፣ ሲጠበስ እንደ ጠቃጠቆ በፊቱ ላይ ቁጭ አለ። በዚያ በማይደብቀው ላስቲክ ሲታይ አማረበት። ሂንድያ ደግሞ በከረጢቱ ላይ የምትለጥፈው ወረቀት አሠራች፤ የዳቦ ቆሎው ስም «ማሻ አላህ» ሆነ። «እንግዲህ ማንም አንብቦ ሳይለው አያልፍም፣ እማ» አለችኝ። አሰብኩበት። «ማንበብ የማይችለውስ?» አልኳት። «ለእሱ አዝሙድሽ አለለት» አለችኝ። ጋሽ ሸምሱ ጠዋት ጠዋት ሲደረድሩት አያለሁ፤ ተሳፋሪዎቹም ባለ አዝሙዱን ስጡን ይላሉ። ዘሃራ እስከ ዛሬ ትንሽ ቢያልብ ይሻል ነበር ባይ ናት።

ሻንጣው ያው ከአልጋው ሥር ነው። የላስቲኩ ጥቅል እዚያ ይኖራል፤ አቧራ አይነካውም። ቤት ስጠርግ አሁንም በመጥረጊያዬ ጠጋ አደርገዋለሁ። ድሮ ባዶነቱን ስሰማ ነበር የምረጋጋው፤ ዛሬ ድፍን ሲልልኝ ነው። ጥቅሉ እየሳሳ ሲሄድ ግን ድምፁ ይመለሳል፤ ዱም ማለት ይጀምራል። ያኔ መጥረጊያዬን አስቀምጬ «ሂንድያ፣ ላስቲክ ሊያልቅ ነው» እላታለሁ። «ገና ብዙ አለ እኮ፣ እማ» ትለኛለች።

«ቢሆንም ጨምሪ» እላለሁ። በእኔ ቤት ያ ሻንጣ ባዶውን አያድርም።